ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣው ማረሚያ

ሒክማ አብዱልጀሊል ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ባንክ አጠገብ ባለ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ የከፈተችው በ2003 ዓ.ም. ነበር። አባቷ ሐጂ አብዱልጀሊል ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የእሳቸውም አባት፣ የአባታቸውም አባት ነጋዴዎች ነበሩ። ስለዚህ ልጃቸው በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ ተመልሳ «ሱቅ እከፍታለሁ» ስትል ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ደስታው ቀዝቀዝ ያለው የምትሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ሲሰማ ነው።

«የሰውን ቃል ወረቀት ላይ መገልበጥ ምን የሚሉት ንግድ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ማመልከቻ የማያስጽፍ ሰው የለም፣ አባ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉና ለሱቋ በር መጋረጃ የሚሆን ደህና ጨርቅ ቆርጠው ሰጧት።

ሥራው ቶሎ ሞቀ። የፍርድ ቤት አቤቱታው፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድሩ ማስታወቂያ ሁሉ ወደ ደረጃው ሥር ይጎርፍ ጀመር። ሒክማ ስትጽፍ እጇ ፈጣን ነው፤ የሚያስጨንቃት ስሕተት ነበር። የምትጽፍበት ፕሮግራም አማርኛ አያውቅም። የማያውቀውን ቃል ሁሉ በቀይ ስለሚያሰምርበት ገጹ ከላይ እስከ ታች በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ትክክሉም ቀይ፣ ጥፋቱም ቀይ። አንድ ጊዜ አንድ ጠበቃ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ «እኅቴ፣ ይኼ ሁሉ ጥፋት የኔ ነው?» ብሎ ጠይቋታል።

ይህን ለፋንታሁን ነገረችው። ፋንታሁን አብሯት የተማረ፣ አሁን ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሚያስተምር ጓደኛዋ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ያዘዘውን ሻይ እንኳ ብርጭቆውን አዟዙሮ ሳያይ የማይጠጣ ጥንቁቅ ሰው ነበር።

«አማርኛ የሚያውቅ ፊደል ማረሚያ ብንሠራስ?» አለችው።

አሰበበት። በማግስቱ ተመልሶ መጣና «ከሠራን አይቀር ለሁሉም ክፍት እናድርገው» አላት። ማንም ሰው በነፃ የሚወስደው፣ ከወደደም የውስጥ አሠራሩን ከፍቶ አይቶ የሚያስተካክለው ይሁን ማለቱ ነው። ሒክማ በሐሳቡ ተስማማች። ስሙንም «አራሚ» አሉት።

ሁለት ዓመት ለፉበት። ሒክማ ከጋዜጣና ከመማሪያ መጻሕፍት ቃላት ትሰበስባለች፤ ፋንታሁን ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ ይፈትሻል፣ አፍርሶ እንደገና ይጽፋል። ለማንም አላሳዩም። እሷ «ለጥቂት ሰው ብንሰጥና ቢሞክሩትስ» ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነበር።

«ሰው ፊት ስንቀርብ ሙሉ ሆነን ነው። ጎዶሎ ነገር አይተው ከሸሹን ማን ይመልሳቸዋል?»

በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አራሚ ወጣ። ፋንታሁን ለዕለቱ ኮት ለብሶ ነበር የመጣው። ኢንተርኔት ላይ ሲጭኑት ሒክማ ሱቋን ዘግታ ሁለቱ ብቻቸውን ኬክ በሉ። የማይታወቅ ቃል ሲያገኝ በራሱ ወደ ቅርቡ ቃል የሚቀይረውን ክፍል ፋንታሁን በተለይ ይኮራበት ነበር፤ «ጸሐፊው ሳያስብ ይታረምለታል» ይል ነበር።

በዚያው ሰሞን የአጎቷ ልጅ ጦይባ ልትዳር ነው። ጦይባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የምታገባው ሙስዓብ የሚባል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚሠራ ደግ ሰው ነው። የሠርጉን ካርድ ማን ያዘጋጃል? ሒክማ ናታ። በአራሚ ጻፈችው፤ ቀይ መስመር አንድም አልታየበትም። ደስ ብሏት በወፍራም ወረቀት አተመችው፣ ወርቅማ ክር አሰረችለትና ለቤተ ዘመድ ሰደደችው።

መጀመሪያ ያነበቡት አባቷ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። መሀል ላይ ቆሙ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ሒክማ፣ ነይ እስቲ» አሉ። «እዚህ ላይ ‹ሙስና እና ጦጣ የጋብቻ ሥነ ሥርዓታቸውን ስለሚፈጽሙ› ይላል። ወይስ መነጽሬ ነው?»

ሒክማ ካርዱን ተቀብላ አየች። አራሚ ሙስዓብ የሚባል ሰው አያውቅም፤ ቅርቡ ያገኘው ሙስና ነው። ጦይባንም አያውቅም፤ ጦጣን ግን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በደንብ ያውቃታል። ካርዱ ግማሽ ከተማ ደርሷል። የሒሳብ ሠራተኛው ሙሽራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ባልደረቦቹ በሥራ ቀን የሚስቁበት አግኝተው ካርዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር።

ጦይባ በማግስቱ ወደ ሱቁ መጣች። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ሒክማ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት የጦይባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሏት ተነሥታ ልታቅፋት ስትል ልጅቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«እማዬ ሦስት ጎረቤት ዘንድ ሄዳ አስረዳች» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «‹ልጄ ጦጣ አይደለችም› እያለች።»

አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ጦይባ ቀና አለች። መምህርት ስለሆነች ጉዳዩን እንደ ክፍል ጉዳይ ያዘችው።

«ለመሆኑ ከመውጣቱ በፊት ማን ሞከረው?»

«እኔና ፋንታሁን።»

«አንችና ፋንታሁን የሠርግ ካርድ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? የልጆች ስም ዝርዝርስ? የኔ ክፍል ውስጥ ግማሹ ልጅ ጋዜጣ ላይ የማይገኝ ስም ነው ያለው። ሁለት ዓመት ደብቃችሁ ያጠራቀማችሁትን ጥፋት በአንድ ቀን ሠርጌ ላይ አፈሰሳችሁት። ሳምንት ሳምንት ብታሳዩኝ ኖሮ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እይዘው ነበር።»

ሒክማ ያን ቀን ከጦይባ አፍ የወጣውን አልረሳችውም። አዲሶቹን ካርዶች በእጇ ጽፋ አደለች፤ ሠርጉም ሞቅ ደመቅ ብሎ አለፈ። ሙሽራው ወዳጆቹ «አቶ ሙስና» እያሉ ሲጠሩት እየሳቀ መልስ ይሰጣቸው ነበር።

ፋንታሁን ግን መሳቅ አልቻለም። በአንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር እስኪታይ አፍሮ ነበር። «አራሚን ከኢንተርኔት እናውርደው» አለ። «አንድ ዓመት ዘግተን እንሥራና ሙሉ አድርገን እናውጣው።»

«አንድ ዓመት ዘግተን ምን እናገኛለን? እኛ እኛው ነን» አለች ሒክማ። «የማናውቀውን ከራሳችን ውስጥ አናገኘውም። በራሱ የሚቀይረውን ዛሬ እናጥፋው። ቀሪውን ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ትንሽ እያረምን እናውጣ፤ ሰዎች ይሞክሩት፣ ይንገሩን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የነገሩንን እናርም።»

«ጎዶሎ ነገር በየሳምንቱ ልናወጣ?»

«ጎዶሎ መሆኑን ጽፈንበት።»

ፋንታሁን ደስ ሳይለው ተስማማ። ቅዳሜ የተመረጠው የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፤ ከየገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ይመጣል፣ ኢንተርኔት የሌለውም ፍላሹን ይዞ ሱቁ ድረስ መምጣት ይችላል። የመጀመሪያዋ ሞካሪ ጦይባ ሆነች። የክፍሏን ልጆች ስም ጽፋ አራሚ በስሕተትነት የያዛቸውን ሁሉ መለሰችላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈህሚያም ዐብዱልከሪምም ቀይ መስመር ሳይሰመርባቸው መኖር ጀመሩ።

ቀስ እያለ ሰው በዛ። ከእንፍራንዝ ሰርካለም የምትባል የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የበሽታዎችን ስም ትልክ ጀመር። አብዛኞቹን ሒክማ በአካል አታውቃቸውም፤ ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ፣ ይደውላሉ። አንዳንዱ ያመሰግናል፣ ብዙው ያማርራል። ማማረራቸውን ወደደችው። የሚያማርር ሰው እየተጠቀመበት ነው።

ከሁሉም የማይረሱት መሪጌታ ላቀው ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ በእርጅናቸው ላፕቶፕ ተምረው የቆዩ ጽሑፎችን ይገለብጣሉ። አንድ ቅዳሜ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ላፕቶፑን በብብታቸው ይዘው ሱቁ ገቡ።

«አራሚ የምትሉት የእናንተ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ መሪጌታ። ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ አይደለም፣ ቆሜ ልክሰስ። ‹ሠረቀ ፀሐይ› ብዬ ጻፍኩ። በንጉሡ ሠ። ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። የእናንተ ፕሮግራም በእሳቱ ሰ ‹ሰረቀ› ይሁን አለኝ። ይኼ ደግሞ መስረቅ ነው። ፀሐይ ምን ሰረቀ?»

ሒክማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። በዚያ ሳምንት ፋንታሁን አራሚ የንጉሡን ሠ እንዲተው አደረገ። መሪጌታ ቅዳሜ አዲሱን ወሰዱ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው መጡ።

«ፀሐዩ ሌብነቱን ትቷል፣ ተመስገን» አሉ። «ግን ተማሪዬ ‹ሠላም› ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፎ ዝም አለው። በእሳቱ መሆን ነበረበት። የፊተኛው ይገሥጸው ነበር እኮ።»

ፋንታሁን እዚያው ነበር። ፊቱ ጠቆረ፤ አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ተጣሟል። ሒክማ ግን ቁጭ ብላ አሰበችና ፈገግ አለች።

«የፊተኛው ልክ ከነበረ፣ ያበላሸነው ባለፈው ቅዳሜ ባወጣነው ነው ማለት ነው። እሱ ላይ ደግሞ የነካነው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

ፋንታሁን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። መሪጌታ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ጥፋቱን አገኘው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅዳሜው አሠራር ትንሽ ልቡ ዞረ። በሁለት ዓመት ሥራ ውስጥ ቢሆን ይህን ለማግኘት ምን ያህል እንደሚቆፍር ያውቀዋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተሄደ። ሒክማ ቅዳሜ አልፏት አያውቅም፤ ታማም፣ መብራት ጠፍቶም፣ በዒድ ሰሞንም ታወጣለች። አንዳንዴ የሚታረም ነገር ሲጠፋ እንኳ የአዝራሮቹን ቦታ ወይም ቀለማቸውን ለውጣ ታወጣ ነበር። ይህ እንደ ጉብዝና ይቆጠርላት ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ስልኳ እስኪጮህ ድረስ።

የደወለችው አበቡ ናት። አበቡ ላይ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ፣ በወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ አራሚን በሚኒባስ ሹፌር እጅ በፍላሽ ስታስመጣ የኖረች ታማኝ ተጠቃሚ።

«እታለም፣ ምነው?» አለች ሰላምታ ሳታስቀድም። «ምነው እንዲህ አደረግሽኝ?»

«ምን ሆነ፣ አበቡ?»

«‹ተወው› የሚለው አዝራር ከግራ ነበረ። ዓይኔን ሳላነሣ ነው የምጫነው። አንች ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቀኝ ወሰድሽው፣ በሱ ቦታ ‹ሁሉንም ቀይር› የሚለውን አመጣሽ። የከብት ክትባት ሪፖርት እየጻፍሁ ‹በሬዎች› የሚለው ላይ ተጫንሁት። ሁሉም ‹በሮች› ሆነ።»

ሒክማ አልገባትም ነበር፤ ቀስ ብሎ ገባት።

«ሪፖርቱ ተነበበ?»

«ተነበበ እንጂ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቆሞ ‹በዘመኑ ክትባት የተሰጣቸው በሮች ብዛት› ብሎ አነበበ። ከኋላ አንድ ገበሬ ‹መስኮቶቹስ፣ አያ?› ብሎ ጠየቀ።» አበቡ ራሷ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። «ሳቅሁ ብየ ነገሩ ሸጋ ነው ማለቴ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ያንች ቅዳሜ ይቅርብኝ። የለመድሁት አሮጌው ይበቃኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሒክማ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሄድላት አለ። አንድ ሰው ደውሎ ተቆጥቷል፤ ሳይደውል የተቆጣውስ ስንት ነው? በቅርቡ የሚደርሷትን አቤቱታዎች መለስ ብላ ስታያቸው ብዙዎቹ ከወራት በፊት የታረሙ ጥፋቶች ነበሩ። ሰዎቹ አዲሱን መውሰድ ካቆሙ ቆይተዋል፤ እሷ ግን በየሳምንቱ ለሌሉ ሰዎች ስታወጣ ነበር።

በመጣው ቅዳሜ አራሚን አላወጣችም። በጠዋት ተነሥታ የትክል ድንጋይ ሚኒባስ ተሳፈረች። አበቡ የሳምንቱን ውዝፍ ለመጨረስ ቢሮ ገብታ ነበር፤ በሩ ላይ ሒክማን ስታይ ደነገጠች።

«እኔ እኮ እንድትመጭ ብየ አይደለም የተቆጣሁ።»

«አውቃለሁ። ከጎንሽ ቁጭ ብዬ ስትሠሪ ልይ ብዬ ነው።»

ቁጭ አለች። አበቡ ጻፈች፤ ሒክማ አየች። አበቡ የቁልፍ ሰሌዳውን አታይም፣ አዝራሩንም አታይም፤ ዓይኗ ከተዘረጋው ወረቀት አይነሣም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አራሚዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ያረመውን ሌላው ይቀይጠዋል። ጠርዝ ላይ ያለችው ኮምፒውተር ላይ እንዲያውም ያ ሙስዓብን ሙስና ያደረገው የመጀመሪያው ነበር። ሒክማ እንደ ድሮ ጎረቤት በሐፍረት ሰላም አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከገበያው ዳር ወንበር ይዘው በየዓይነቱ አዘዙ። ሒክማ የቅዳሜውን ነገር፣ የመሪጌታን ፀሐይ፣ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምታወጣ አስረዳቻት። አበቡ እየበላች ሰማቻት።

«ያልሽው ሸጋ ነው» አለች በመጨረሻ። «የሚቀምስ ሰው ከሌለ ወጡ እንዴት ይታወቃል። ግን እታለም፣ አንች መቅመስ ትወጃለሽ፤ እኔ መብላት ነው የምፈልግ። በበላሁ ቁጥር አዲስ ቅመም የምትጨምሪ ከሆነ መቼ ልጠግብ ነው?»

ሒክማ እጇ ላይ የያዘችውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰችው። ከዚያ «ሁለት ድስት ይሁና» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ብይ።»

ከትክል ድንጋይ ስትመለስ ቀጥታ ፋንታሁንን ፈለገችው። በቅርብ ጊዜ ወደ ሱቁ መምጣት ቀንሶ ነበር፤ የቅዳሜው ጥድፊያ እንደማይስማማው ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን አይነጋገሩበትም። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በረንዳ ላይ ብቻውን ማኪያቶ ይዞ አገኘችው።

«አንተ ልክ ነበርክ» አለችው ወንበር እየሳበች።

«በምኑ?»

«በግማሹ። እኔም በግማሹ ልክ ነበርኩ። ቅዳሜ የሚወጣው ይቀጥል፤ ግን ለሚፈልገው ሰው ብቻ። ‹ቅምሻ› እንበለው። ሊበላሽ እንደሚችል አውቆ የሚወስደው ሰው ይውሰደው። ለአበቡና ለመሰሎቿ ደግሞ ሌላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጣ፤ ቀማሾቹ ወራት የሞከሩት፣ አዝራሩ የማይዘዋወር። እሱን ‹የረጋ› እንበለው። የረጋው ያንተ ነው። አንተ አልረጋም ካልክ አይወጣም።»

ፋንታሁን ብርጭቆውን አዟዟረ። «እኔ አይውጣ ብል አንች ትታገሻለሽ?»

«እጨቃጨቅሃለሁ። ግን አላወጣውም።»

«አዝራር ያለ ምክንያት ማንቀሳቀስም ይቀራል?»

«ይቀራል።»

ሳቀ። ሒክማ ሲስቅ ካየችው ቆይታ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለማንም ጥሪ ሱቁ ተገኘ።

የመጀመሪያው የረጋ አራሚ መስከረም 2008 ላይ ወጣ። አበቡ ጫነችው፤ አልደወለችም። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አልደወለችም። ሒክማ አላስችል ብሏት ራሷ ደወለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ብየ ልደውል? እየሠራሁበት ነው።»

ሒክማ ይህን መልስ ለፋንታሁን ስትነግረው ደግሞ ደጋግሞ አስነገራት።

በ2009 መጀመሪያ ላይ አገሩ ተረብሾ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ በየራሱ ሐሳብ ተይዞ ነበር፤ ሱቁም ቀዘቀዘ። ሒክማ ቅምሻው የሚያበቃለት መስሏት ነበር። ያላበቃለት በአባቷ ምክንያት ነው።

ሐጂ አብዱልጀሊል እስከዚያ ድረስ አራሚን በመጠራጠር ነበር የሚያዩት። «ትርፍ የሌለው ዕቃ በየሳምንቱ የሚያመጣ ነጋዴ አላየሁም» ይሉ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ግን ልጃቸው ቅዳሜ ተክዛ ስትቀመጥ አዩ።

«ያ ነገር በፍላሽ ይገባል አላልሽኝም?» አሉ።

«ይገባል፣ አባ። ግን ማን ያደርሰዋል?»

«የእንፍራንዝ ሰው ጨርቅ የሚገዛው ከማን ነው? የትክል ድንጋዩስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐጂ ሱቅ፣ ከሜትሩ አጠገብ፣ ፍላሽ የሞላ ትሪ ተቀመጠ። ከየወረዳው የመጣ ደንበኛ ጨርቁን ሲያስቆርጥ ፍላሹንም ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀማሾቹ ያገኙትን ጥፋት ጽፈው የላኩበትን ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሐጂ መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ያድሉ ነበር። ቆይተው ግን ሥራውን እንደ ንግዳቸው ያዙት። ሒክማ አንድ ቅዳሜ ልታያቸው ስትሄድ ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ሲነጋገሩ ደረሰች።

«ለወንድሜ ነው፣ መምህር ነው» ትላለች ሴትዮዋ።

«ቅምሻ ነው የሚወስድ የረጋ?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«ወንድምሽ ነገር የሚሞክር ዓይነት ነው? አዲስ ነገር ሲያይ የሚፈታታ?»

«ኧረ እሱ ራዲዮ እንኳ አልፈታም።»

«እንግዲያው የረጋ ውሰጅለት» ብለው ከትሪው በስተቀኝ ያለውን አንሥተው ሰጧት። ሒክማ ከጥቅል ጨርቁ ጀርባ ቆማ ሰማች። ይህን ልዩነት እሷ ፌስቡክ ላይ ገጽ ሙሉ ጽፋ ያን ያህል አላስረዳችውም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ትሪው አልተነሣም። ሐጂ አይነሣም አሉ።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ ቅዳሜ፣ ሒክማ ቀማሾቿን በሙሉ ሱቋ ጠራቻቸው። ብዙዎቹ ለዓመታት በስልክ ድምፅ ብቻ የሚተዋወቁ ነበሩ። ደረጃው ሥር ስላልበቃቸው ወንበር ወጥቶ በረንዳው ላይ ተደረደረ። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሰርካለም ከእንፍራንዝ የጣና ዓሣ ይዛ መጣች። ጦይባና ሙስዓብ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቱ ስም ሲመረጥ እናቷ አስቀድማ አራሚ ላይ ሞክራዋለች እየተባለ ተሳቀ። አበቡ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ «እኔ ቀማሽ አይደለሁም፣ ለምሳው ነው የመጣሁ» ብላ ተቀመጠች። መሪጌታ ላቀው ከሐጂ ጎን ተቀምጠው ስለ ጋቢ ዋጋና ስለ ጥጥ ጥራት ረጅም ጨዋታ ያዙ።

ከምሳ በኋላ የዕለቱ ቅምሻ የሚወጣበት ሰዓት ሆነ። ሁልጊዜ ሒክማ ናት የምትጫነው። ያን ቀን አበቡን ጠራቻት።

«አንች ተጫኝው።»

«እኔ? የበሮቹ ባለቤት?»

«አዎ፤ አዝራሩ አሁን ቦታው ላይ ነው።»

አበቡ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተጫነች። ሁሉም አጨበጨቡ። ፋንታሁን እንደ ልማዱ በጥርጣሬ ማያ ገጹን ቆሞ ተመለከተ። መሪጌታ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ወዲያው አዲሱን ጫኑ፤ አንድ መስመር ጻፉ፣ አንገታቸውን አዘነበሉ፣ እንደገና ጻፉ።

«ልጄ ሒክማ» አሉ ቀስ ብለው፣ ድግሱን ላለማደፍረስ። «አራት ነጥቡን ካስቀመጥኩ በኋላ የሚመጣውን ቃል ሁሉ ስሕተት ነው ይለኛል።»

በረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ። ከዚያ ፋንታሁን ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ከፈተ። ሰርካለም በእሷም ላይ እንደዚያው መሆኑን አረጋገጠች፤ ጦይባ በጥያቄ ምልክት ሞከረችና ደህና ነው አለች፤ ሙስዓብ ልጁን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ነጠላ ሰረዝን ሞከረ። ሒክማ በዚያ ሳምንት የነካችውን ታውቀዋለች፤ በቀጥታ እዚያው ከፍታ አየችው። አንድ ምልክት ጎድላ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ አዘዞ በኩል ሳታዘቀዝቅ አራሚ ለሁለተኛ ጊዜ ለመውጣት ተዘጋጀ። በአንድ ቅዳሜ ሁለቴ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አበቡ እንደገና ልትጫን ተነሣች፤ ሐጂ ግን ቀድመዋት «አሁን እኔ ልሞክረው» ብለው ወንበሩን ሳቡ።